የሜይንፍሬም አሰምብለር ፕሮግራም ሲወድቅ፦ ስሕተቱን ከዳምፕ ላይ ፈልጎ የማግኛ መመሪያ

ሜይንፍሬም በተባለው ትልቅ ኮምፒውተር ላይ የአሰምብለር (ለማሽኑ ትእዛዞች ቅርብ የሆነ ቋንቋ) ፕሮግራም ሲወድቅ ማሽኑ ብዙ ማስረጃ ትቶ ነው የሚሄደው። የወደቀበት ትእዛዝ አድራሻ፣ የ16ቱ ሬጅስተሮች (ፕሮሰሰሩ የሚሠራባቸው ትንንሽ ማስቀመጫዎች) ይዘት፣ የማኅደረ ትውስታው ቅጂ፣ ሁሉም ዳምፕ በተባለው ሰነድ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ይህን ሁሉ ሳያነብ ምንጭ ጽሑፉን ከፍቶ «ምናልባት እዚህ ይሆናል» እያለ መስመር የሚቀያይር ሰው ቀኑን በከንቱ ይጨርሳል። በአጋጣሚ ፕሮግራሙ መሮጥ ከጀመረለት ደግሞ ይብሳል፤ ስሕተቱ ቦታ ለውጦ ይደበቅና ማንም ባላሰበው ጊዜ ብቅ ይላል።

ፕሮግራሙ የወደቀበት ቦታና የተበላሸበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የተለያዩ ናቸው። ሥራው ከመጀመሪያው ተነሥቶ ወደ ኋላ እየተጓዙ ሁለተኛውን ማግኘት ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ለዚህ ጉዞ የሚያገለግሉ ናቸው።

መመሪያው ዜድ/ኦኤስ በተባለው የአይቢኤም ስርዓተ ክወና ላይ በሃይ ሌቭል አሰምብለር ለሚጽፍ ሰው የተዘጋጀ ነው። ነገር ግን አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1964 ሲስተም/360ን ይፋ ሲያደርግ የተተከሉት ምሰሶዎች፣ ማለትም 16 ሬጅስተሮች፣ በመነሻና በርቀት የሚሰላ አድራሻ፣ ፓክድ አሥርዮሽ (በአንድ ባይት ሁለት አኃዝ የሚታሸግበት) ቁጥር፣ ዛሬም እንደቆሙ ናቸው። ስለዚህ ከብዙ ዓመት በፊት የተጻፈ ፕሮግራም የወረሰ ሰውም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። በሄክስ (በ16 መሠረት በሚቆጠሩ) ቁጥሮች ውስጥ የሚገቡትን ስድስት ፊደላት ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ብዬ እጽፋለሁ፤ 0ሲ7 ሲባል ታዋቂው የዳታ ስሕተት ኮድ ማለት ነው።

1. ሦስቱን ሰነዶች አንድ ላይ ያቅርቡ

ዳምፑ ብቻውን አይበቃም። የአሰምብለሩ ሊስቲንግ (ምንጩን ከተተረጎመለት የማሽን ኮድ ጎን ለጎን የሚያሳየው ዝርዝር) እና የባይንደሩ (ክፍሎቹን አገናኝቶ የሚሮጠውን ሞጁል የሚሠራው ፕሮግራም) ካርታም ያስፈልጋሉ። ዳምፕ እንዲወጣ በጄሲኤሉ (ሥራውን ለሥርዓቱ በሚያዝዘው ጽሑፍ) ውስጥ ሲስዩዳምፕ የተባለው ዲዲ (ፋይል የሚጠቅስ መስመር) መኖር አለበት፤ ከሌለ የሚያገኙት ጥቂት መስመር ያለውን አጭር ማጠቃለያ ብቻ ነው። በእሱ ፋንታ ሲስኤምዳምፕ ከተጠቀሙ ውጤቱ በቀጥታ አይነበብም፤ አይፒሲኤስ በተባለው የዳምፕ ማንበቢያ መክፈት ይኖርብዎታል።

ሊስቲንጉ ከሮጠው ሞጁል ጋር ከአንድ አሰምብሊ የወጣ መሆኑን ማረጋገጥ ግድ ነው። አንድ ትእዛዝ ቢጨመር ከዚያ በታች ያለው አድራሻ ሁሉ ይገፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚያነቡት የሌላ ፕሮግራም ታሪክ ይሆናል። ቀንና ሰዓት ማመሳከር ጥሩ ቢሆንም እርግጠኛው ማረጋገጫ ባይቶቹ ራሳቸው ናቸው። ከሊስቲንጉ ላይ አንድ ቦታ መርጠው የ10 ወይም የ12 ባይት ኦብጀክት ኮድ (የማሽን ኮድ) ይውሰዱና ዳምፑ ውስጥ በዚያው ኦፍሴት (ከመጀመሪያው በተቆጠረ ርቀት) ላይ ይፈልጉት። ከተመሳሰለ ይቀጥሉ፤ ካልተመሳሰለ ትክክለኛው ሊስቲንግ እስኪገኝ ድረስ አንድ እርምጃ እንኳ አይሂዱ።

2. የማቆሚያ ኮዱን ያንብቡ

0ሲ ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣው አኃዝ ሃርድዌሩ ራሱ የሰጠው የፕሮግራም ማቋረጫ ኮድ ነው። ስለዚህ ኮዱ የግምት ጉዳይ አይደለም፤ ማሽኑ ምን ሊያደርግ ፈልጎ እንዳልቻለ በትክክል ይናገራል።

0ሲ1 ማለት ማሽኑ ትእዛዝ ብሎ ያነሣው ባይት ትእዛዝ አልሆነለትም ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙ ወደማይገባው ቦታ ዘልሏል፤ ወይም ትእዛዙ ላይ ሌላ ዳታ ተጽፎበታል። ያልተከፈተ ፋይልም ዓይነተኛ ምክንያት ነው። ፋይል መክፈቻው ኦፕን ተሳክቶ እንደሆነ ሳይጣራ ማንበቢያው ጌት ሲጠራ፣ ዲሲቢው (ፋይሉን የሚገልጸው ሠንጠረዥ) ውስጥ መኖር የነበረበት የማንበቢያ ፕሮግራም አድራሻ ስላልተሞላ ዝላዩ ወደ ባዶ ይሆናል፤ ውጤቱ 0ሲ1 ወይም 0ሲ4 ነው። መድኃኒቱ ከእያንዳንዱ ኦፕን በኋላ ዲሲቢኦኤፍኦፒኤን የተባለውን ቢት ቲኤም በተባለው ትእዛዝ መፈተሽ ነው። አንድ ትእዛዝና አንድ ዝላይ ብቻ ይጨምራል፤ ማንም ፕሮግራም ያለዚህ መውጣት የለበትም ብዬ አምናለሁ።

0ሲ4 የአድራሻ ችግር ነው። ከጎኑ የሚጻፈውን የምክንያት ኮድ ማየት አይርሱ። 4 ከሆነ ቦታው አለ፤ ፕሮግራሙ ግን እንዲነካው አልተፈቀደለትም። ሬንት (ራሱን የማይለውጥ) ተብሎ የተገነባና ለጽሑፍ በተዘጋ ማኅደረ ትውስታ ላይ የተጫነ ፕሮግራም በራሱ ውስጥ ሊጽፍ ሲሞክር የሚያገኘው ይህንን ነው። 10 ወይም 11 ከሆነ ደግሞ በተጠቀሰው አድራሻ ላይ ለፕሮግራሙ የተሰጠ ማኅደረ ትውስታ የለም።

0ሲ7 ፓክድ አሥርዮሽ መሆን የነበረበት መስክ ያልሆነ ነገር ይዞ መገኘቱ ነው። በንግድና በሒሳብ ፕሮግራሞች ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያጋጥመው እሱ ስለሆነ ከታች በሰፊው አየዋለሁ።

የቀሩት ቶሎ ይታወቃሉ። 0ሲ6 ወደ ጎዶሎ አድራሻ መዝለል፣ ወይም ጥንድ ሬጅስተር በሚፈልግ ማካፈልና ማባዛት ላይ ጎዶሎውን መስጠት ነው። 0ሲ9 በዜሮ ማካፈል ብቻ አይደለም፤ ሲቪቢ ከ2,147,483,647 የሚበልጥ ቁጥር ወደ ባይነሪ እንዲቀይር ሲጠየቅም ይኸው ኮድ ይመጣል። 0ሲቢ የፓክድ ማካፈል ችግር ነው። 322 የተመደበው የፕሮሰሰር ጊዜ አለቀ ማለት ነው፤ መጀመሪያ ማለቂያ የሌለው ዙር እንዳለ ይጠርጥሩ። 806 የተጠራው ሞጁል አልተገኘም ማለት ስለሆነ ከፕሮግራሙ ይልቅ ስቴፕሊብን (ሞጁሎች የሚፈለጉበትን ላይብረሪ የሚጠቅሰውን ዲዲ) ይመልከቱ።

3. የወደቀውን ትእዛዝ ያግኙ

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አጭሩ ማጠቃለያ የሚከተለውን ይላል እንበል፦

የማቆሚያ ኮድ 0ሲ7
ፒኤስደብሊው 078ዲ1000 80008176
አይኤልሲ 6
የሞጁል አድራሻ 00008000፣ ኦፍሴት 00000176

ፒኤስደብሊው ማሽኑ የደረሰበትን ቦታና ሁኔታ የሚይዝ መዝገብ ነው፤ ከእሱ ሁለተኛው ቃል (አራት ባይት) ላይ አድራሻውን እናገኛለን። መጀመሪያ ላይ ያለው 8 የአድራሻው አካል አይደለም፤ ፕሮግራሙ በ31 ቢት አድራሻ እየሠራ መሆኑን የሚናገር አንድ ቢት ነው። እሱን ስናወጣ 8176 ይቀራል።

8176 ግን የወደቀው ትእዛዝ አድራሻ አይደለም። ፒኤስደብሊው የሚያመለክተው ቀጥሎ የሚመጣውን ትእዛዝ ነው። ስለዚህ የትእዛዙን ርዝመት፣ ማለትም አይኤልሲን መቀነስ ያስፈልጋል። 8176 ሲቀነስ 6፣ 8170። ከዚህ ላይ ሞጁሉ የተጫነበትን 8000 ስንቀንስ ኦፍሴቱ 170 ይሆናል። ማጠቃለያው ራሱ ያሰላው ኦፍሴት 176 እንደሚል ልብ ይበሉ፤ እሱም ከፒኤስደብሊው የተወሰደ ስለሆነ 6ን መቀነስ የእርስዎ ሥራ ነው።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። 0ሲ4 ከምክንያት ኮድ 10 ወይም 11 ጋር ሲመጣ ማሽኑ ትእዛዙን እንዳልተጀመረ ቆጥሮ ስለሚያቆመው፣ ፒኤስደብሊው የሚያመለክተው የወደቀውን ትእዛዝ ራሱን ነው። በዚያ ጊዜ ምንም አይቀነስም።

ሞጁሉ ከአንድ በላይ ሲሴክት (ለብቻው የተሰየመ የፕሮግራም ክፍል) የያዘ ከሆነ 170 የተቆጠረው ከሞጁሉ መጀመሪያ እንጂ ከእርስዎ ፕሮግራም መጀመሪያ አይደለም። የባይንደሩን ካርታ ይክፈቱና 170 በየትኛው ሲሴክት ውስጥ እንደሚወድቅ ይዩ፤ ከዚያ የሲሴክቱን መነሻ ይቀንሱ። በምሳሌያችን አንድ ሲሴክት ብቻ ስላለ ሊስቲንጉ ላይ በቀጥታ 170ን እንፈልጋለን፦

000170 ኤፍኤ32 ሲ300 ሲ304 ኤፒ ድምር፣ሒሳብ

4. ኦፐራንዶቹን በእጅ ያስሉ

ኤፍኤ የኤፒ፣ የፓክድ መደመር ኮድ ነው። 32 ሁለት ርዝመቶችን ይዟል፤ ማሽኑ ርዝመትን ሁልጊዜ አንድ ቀንሶ ስለሚጽፍ 3 ማለት 4 ባይት፣ 2 ማለት 3 ባይት ነው። ሲ300 መነሻ ሬጅስተር 12 (ሲ በሄክስ 12 ነው)፣ ርቀት 300 ይላል፤ ሲ304ም እንዲሁ።

ዳምፑ ላይ ሬጅስተር 12 00008000 ይዟል። ስለዚህ ድምር 8300 ላይ፣ ሒሳብ 8304 ላይ ይገኛል። እዚያ ቦታ ስንደርስ የምናየው፦

00008300 0000120ሲ 40404000

ድምር 00 00 12 0ሲ ነው። እያንዳንዱ ግማሽ ባይት አንድ አኃዝ ነው፤ የመጨረሻው ግማሽ ምልክት ነው። ሲ መደመር፣ ዲ መቀነስ፣ ኤፍ ምልክት የሌለው ማለት ነው። እንግዲህ ድምር ጤነኛ ነው፤ ይዘቱ 120 ነው። ሒሳብ ግን 40 40 40 ነው። የመጨረሻው ግማሽ ባይት 0 ነው፤ 0 ምልክት ሊሆን አይችልም፤ ምልክት ከኤ እስከ ኤፍ ባለው ውስጥ መሆን አለበት። 40 ደግሞ ኢቢሲዲአይሲ በተባለው የሜይንፍሬም የፊደላት ኮድ ባዶ ቦታ ማለት ነው። ቁጥር ሊኖርበት በሚገባው መስክ ውስጥ ሦስት ባዶ ቦታዎች ተቀምጠዋል።

እዚህ ላይ ብዙዎች ያቆማሉ፤ ከኤፒ በፊት መስኩን ዜሮ የሚያደርግ ትእዛዝ ይጨምሩና ሥራው ተጠናቀቀ ይላሉ። ፕሮግራሙ አይወድቅም፤ ድምሩ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሰት ነው።

5. ወደ ኋላ ይሂዱ፦ መጥፎው ባይት ከየት መጣ?

ሊስቲንጉ መጨረሻ ላይ ያለው የስሞች ማጣቀሻ ሒሳብ የተባለው መስክ በየትኞቹ መስመሮች ላይ እንደተጠቀሰ ይዘረዝራል። መስኩን የሚጽፉትን መስመሮች ለይተው ይመርምሩ። ምክንያቱ ከሚከተሉት አንዱ ሆኖ ይገኛል ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ፋይሉ ራሱ ባዶ ይዞ መምጣቱ ነው። ዳምፑ ውስጥ የመግቢያ ቋቱን ፈልገው መዝገቡን ይዩት፤ ባዶዎቹ እዚያው ካሉ ጥፋቱ መዝገቡን የጻፈው ፕሮግራም ነው። ሁለተኛው ዲሴክቱ (የመዝገቡን መስኮች አቀማመጥ የሚገልጸው ክፍል) ከመዝገቡ ጋር አለመገጣጠሙ ነው። አንድ መስክ በአንድ ባይት ሲረዝም ከእሱ በታች ያለው ሁሉ ይንሸራተታል፤ እንዲህ ሲሆን ቁጥሩ መስኩ ውስጥ ሳይሆን ከመስኩ አንድ ባይት ወዲህ ወይም ወዲያ ቁጭ ብሎ ይታያል። ሦስተኛው መስኩ ጭራሽ መነሻ ዋጋ አለማግኘቱ ነው፤ ጌትሜይን በተባለው ማክሮ ከሥርዓቱ የተገኘ ማኅደረ ትውስታ ንጹሕ ነው ብሎ ማሰብ አይገባም።

በፊደል መልክ ያለን ቁጥር ወደ ፓክድ የሚቀይረው ፓክ የሚባለው ትእዛዝ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል፤ ምክንያቱም የሚያሽገውን ነገር አይፈትሽም። ሦስት ባይት መስክ ውስጥ ከፊት ሁለት ባዶ ኖሮ በመጨረሻ 5 ቢኖር፣ ማለትም 40 40 ኤፍ5 ቢሆን፣ ፓክ ከሌሎቹ ባይቶች የቀኝ ግማሻቸውን ብቻ ስለሚወስድ ውጤቱ ትክክለኛ 5 ይሆናል። ያው 5 ወደ ግራ ተጠግቶ ኤፍ5 40 40 ሆኖ ከመጣ ግን ውጤቱ 00 50 04 ነው፤ ምልክቱ 4 ይሆናል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ኤፒም ይወድቃል። «ትናንት በዚሁ ፋይል ይሠራ ነበር» የሚለው አቤቱታ ብዙ ጊዜ መልሱ ይህ ነው። ቁጥሩ አልተለወጠም፤ የተቀመጠበት ጎን ነው የተለወጠው።

አራተኛውና በጣም አድካሚው ምክንያት ጎረቤት መስክ ድንበር ጥሶ መግባቱ ነው። የማተሚያ መስመርን በባዶ ለመሙላት ሁሉም የሚጠቀምበትን ይህን ጥንድ ይመልከቱ፤ ኤምቪአይ አንድ ባይት ያስቀምጣል፣ ኤምቪሲ ባይቶችን ይቀዳል፦

ኤምቪአይ መስመር፣ባዶ
ኤምቪሲ መስመር+1(132)፣መስመር

መስመር 132 ባይት ከሆነ ሁለተኛው ትእዛዝ ከ1 ጀምሮ 132 ባይት ስለሚጽፍ አንድ ባይት አልፎ ይሄዳል። መሆን የነበረበት 131 ነው። ከመስመር ቀጥሎ 5ን የያዘ፣ 00 00 5ሲ የሆነ የፓክድ መስክ አለ እንበል። ከኤምቪሲው በኋላ 40 00 5ሲ ይሆናል። ይህ ሕጋዊ ቁጥር ነው! ፕሮግራሙ አይወድቅም፣ ምንም መልእክት አይወጣም፤ 5 የነበረው 40,005 ሆኖ ይደመራል። 0ሲ7 እንዲህ ካለው ጋር ሲነጻጸር ደግ ስሕተት ነው፤ ቢያንስ ያሳውቃል። ርዝመትን በእጅ ከመጻፍ ይልቅ አሰምብለሩ ራሱ የመስኩን ርዝመት ወስዶ አንድ እንዲቀንስ ያዝዙት፤ ነገ መስኩ ሲሰፋ ትእዛዙም አብሮት ይሰፋል።

ማስተካከያው ደግሞ እንደ ምክንያቱ ይለያያል። ባዶው ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ቲፒ በተባለው ትእዛዝ መስኩን ይፈትሹ፤ የሁኔታ ኮዱ 0 ከሆነ አኃዞቹም ምልክቱም ደህና ናቸው፤ ካልሆነ መዝገቡን ወደ ውድቅ መዝገቦች ፋይል ጽፈው ይለፉ። ባዶ ማለት ዜሮ ነው ወይስ የጠፋ መረጃ የሚለውን የመረጃው ባለቤት ይወስን፤ ፕሮግራም ጸሐፊው በዝምታ ሊወስነው አይገባም።

6. ፒኤስደብሊው ራሱ የትም ሲሆን

አንዳንድ ጊዜ አድራሻው ከሞጁሉ ውጪ፣ ወይም ዜሮ አጠገብ ሆኖ ይገኛል። ፕሮግራሙ ወደ ባዶ ዘልሏል፤ የወደቀበት ቦታ ምንም አይነግርም፤ የሚያስፈልገው የተነሣበት ነው። መጀመሪያ ሬጅስተር 14ን ይመልከቱ። ንዑስ ፕሮግራም ባስር ወይም ባለር በተባለው የመጥሪያ ትእዛዝ ሲጠራ የመመለሻ አድራሻው እዚያ ስለሚቀመጥ፣ ከእሱ በፊት ያለው ትእዛዝ የዘለለው ነው። ሬጅስተር 15 ደግሞ ሊዘለልበት የታሰበውን አድራሻ ይይዛል፤ ዜሮ ከሆነ ምናልባት ባይንደሩ ያላገኘው የውጭ ስም ይሆናል። በቅርብ ዘመን ማሽኖች ላይ የመጨረሻው ዝላይ የተነሣበትን አድራሻ የሚይዝ ልዩ ሬጅስተርም አለ፤ ዳምፑ ካሳየው ፍለጋው በአንድ ጊዜ ያልቃል።

ከዚያ ወደ ሬጅስተር 13 ይሂዱ። እሱ የሚያመለክተው 72 ባይት፣ ማለትም 18 ሙሉ ቃል ያለውን የሬጅስተሮች ማቆያ ነው፤ ሴቭ ኤሪያ ይባላል። ርቀት 4 ላይ የጠሪው ማቆያ አድራሻ አለ። ወደዚያ ሄደው ርቀት 12ን ቢያነቡ አሁን የሚሮጠው ፕሮግራም ወዴት እንደሚመለስ፣ ርቀት 16ን ቢያነቡ በየት እንደገባ ያውቃሉ። እንዲህ እያሉ እስከ መጀመሪያው ጠሪ መውጣት ይቻላል። ሰንሰለቱ መሐል ላይ ከተበጠሰ፣ ለምሳሌ ርቀት 4 ላይ ፊደላት ካገኙ፣ አንድ ሰው ማቆያው ላይ ጽፎበታል ማለት ነው፤ ፊደላቱን ወደ ቃል ቀይረው ቢያነቡ የየትኛው መስክ ይዘት እንደሆነ ራሳቸው ይናገራሉ።

የመነሻ ሬጅስተር ጉዳይም የ0ሲ4 ትልቅ ምንጭ ነው። ዩዚንግ ለአሰምብለሩ የሚሰጥ ቃል ብቻ ነው፤ «ሬጅስተር 12 ይህን አድራሻ ይይዛል» ይላል እንጂ ምንም አይጭንም። መጫኑ የእርስዎ ሥራ ነው። ዩዚንግ ተጽፎ ሬጅስተሩ ካልተሞላ አሰምብሊው ያለ አንዳች ስሕተት ያልፋል፤ ሩጫው ላይ ይወድቃል። በተቃራኒው ኤኤስኤምኤ307 የሚል መልእክት ካዩ ለዚያ መስክ የሚሠራ ዩዚንግ የለም ማለት ነው፤ ኤኤስኤምኤ034 ከሆነ ደግሞ ዩዚንግ አለ፣ ነገር ግን መስኩ ከሚደረስበት ርቀት አልፏል። በተለመደው ባለ 12 ቢት ርቀት አንድ መነሻ ሬጅስተር የሚሸፍነው 4,096 ባይት ብቻ ነው። ያደገ ፕሮግራም እዚህ ሲደርስ ሁለተኛ መነሻ ሬጅስተር ከመጨመር በፊት ዝላዮቹን ወደ አንጻራዊ ዝላይ መቀየር ይሻላል፤ እነሱ መነሻ ሬጅስተር አይፈልጉም፤ በሁለቱም አቅጣጫ 64 ኪሎ ባይት ያህል ይደርሳሉ። ነጻ የሆነው 4,096 ባይት ለዳታው ይቀራል።

7. ሳይወድቁ የሚያሳስቱ ስሕተቶች

ፕሮግራሙ እስከ መጨረሻው ሮጦ ውጤቱ የተሳሳተ ሲሆን ዳምፕ የለም። እነዚህን በዓይን መፈለግ ይገባል።

ኤል እና ኤልኤ አይምታቱብዎት። ኤል በአድራሻው ላይ ያለውን ይዘት ይጭናል፤ ኤልኤ አድራሻውን ራሱን ይጭናል። ሬጅስተር 3 ውስጥ ቁጥር 4ን ማስገባት ፈልገው ኤል 3፣4 ብለው ቢጽፉ፣ ማሽኑ ከማኅደረ ትውስታው መጀመሪያ አጠገብ፣ ከአድራሻ 4 ላይ ያለውን አራት ባይት ያነሣል። ያ ቦታ የሥርዓቱ ነው፤ ለማንበብ ግን ክፍት ስለሆነ አቤንድ (በስሕተት መቋረጥ) አይመጣም። ትክክሉ ኤልኤ 3፣4 ነው።

ሬጅስተር 0፣ 1፣ 14 እና 15 የሥርዓቱ ማክሮዎች (ዝግጁ የትእዛዝ ስብስቦች) እንደፈለጉ የሚያጠፏቸው ናቸው። የዙር ቆጣሪን በ14 ይዞ በዙሩ ውስጥ ጌት ወይም ፑት የሚጠራ ፕሮግራም ከመጀመሪያው ጥሪ በኋላ ቆጣሪው የለውም። ባይቶችን የሚፈልገው ትእዛዝ ቲአርቲም ሬጅስተር 1ንና 2ን ሳይጠየቅ ይለውጣል። ሌላው፦ ሬጅስተር 0 መነሻ ሆኖ አያገለግልም፤ በመነሻነት ሲጻፍ ማሽኑ ይዘቱን ሳያይ ዜሮ አድርጎ ይወስደዋል።

የመመለሻ ኮድ የሚጠፋበት መንገድም የታወቀ ነው። ኮዱን በ15 አስቀምጠው ከዚያ ሬጅስተሮችን ከማቆያው የሚጭነውን ኤልኤም 14፣12፣12(13) ቢጽፉ የጠሪው አሮጌ 15 ተመልሶ ይጫንበታል። 14ን ለብቻ ከርቀት 12፣ ከ0 እስከ 12 ያሉትን ደግሞ ከርቀት 20 ይጫኑ፤ 15ን አይንኩት።

በመጨረሻም ዓምድ 72። እዚያ ላይ ባዶ ያልሆነ ማንኛውም ፊደል ቀጣዩ መስመር የዚህኛው ቅጥያ ነው ማለት ነው። ማብራሪያው ረዝሞ አንድ ፊደል ዓምድ 72 ላይ ካረፈ ቀጥሎ ያለው ትእዛዝ ከማብራሪያው ጋር ተቆጥሮ ከፕሮግራሙ ሊወጣ ይችላል። ምንጩ ላይ ትእዛዙ አለ፣ ሊስቲንጉ ላይ ግን ኦብጀክት ኮድ የለውም። አንድ ትእዛዝ «አይሠራም» ሲመስልዎት መጀመሪያ ግራ ጎኑ ላይ ባይቶች እንዳሉት ይመልከቱ።

8. ተጨማሪ ማስረጃ ማውጣት ሲያስፈልግ

ስናፕ የተባለው ማክሮ ፕሮግራሙን ሳያቆም የሚፈልጉትን ክፍል ብቻ ያትማል፤ ደብሊውቲኦ አንድ መስመር መልእክት ይልካል። አንድ ቦታ ላይ ሆን ብሎ ማቆም ካስፈለገ አቤንድ ማክሮን ከራስዎ ቁጥር ጋር ይጠቀሙ፤ በዚያ ቅጽበት ያለው ሁሉ ተቀርጾ ይቀራል። ቦታውን ሲመርጡ መስኩ ጤነኛ መሆኑን በሚያውቁበትና ተበላሽቶ ባገኙት መካከል አጋማሹ ላይ ያስገቡ፤ ውጤቱን አይተው ከሁለቱ ግማሾች አንዱን ይጣሉና ይድገሙት። ትልቅ ፕሮግራምም ቢሆን በጥቂት ሩጫ ይጠባል።

ትእዛዙ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ከተጠራጠሩ ከትልቁ ፕሮግራም አውጥተው በአሥር መስመር ይሞክሩት። ለዚህ ሜይንፍሬም የግድ አያስፈልግም። ሄርኩለስ የተባለው ማስመሰያ በግል ኮምፒውተር ላይ ይሮጣል፤ በነጻ የሚገኘው ኤምቪኤስ 3.8 በእሱ ላይ ይጫናል። በጃቫ የተጻፈው ዜድ390 ደግሞ አሰምብለር ፕሮግራምን ያለ ስርዓተ ክወና ጣጣ አሰምብሎ ያስኬዳል።

9. ለሌላ ሰው ጥያቄ ሲያቀርቡ

«ፕሮግራሜ 0ሲ7 ይሰጣል፤ ምን ላድርግ?» የሚል ጥያቄ መልስ የለውም፤ የጠያቂው ስንፍና ሳይሆን መላሹ የሚያየው ነገር ስለሌለው ነው። እስከ አራተኛው እርምጃ ድረስ የሠሩትን ሁሉ ያስቀምጡ። ለምሳሌ፦

«በ31 ቢት የሚሠራ ፕሮግራም ነው፤ 0ሲ7 ይሰጣል። ፒኤስደብሊው 80008176፣ አይኤልሲ 6፣ ሞጁሉ የተጫነው 00008000 ላይ ነው። ኦፍሴት 170 ላይ ያለው ትእዛዝ ኤፍኤ32 ሲ300 ሲ304፣ ሬጅስተር 12 00008000። ሁለተኛው መስክ 404040 ይዟል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መዝገቦች ያልፋሉ፤ ሦስተኛው ላይ ይወድቃል። መግቢያ ቋቱ ውስጥም በዚያው መስክ 404040 አለ። ፋይሉን የሚጽፈው ፕሮግራም የኔ አይደለም።»

ይህን ያነበበ ልምድ ያለው ሰው አንድም ተጨማሪ ነገር ሳይጠይቅ መልስ መስጠት ይችላል። ደግሞም ጥያቄውን በዚህ መልክ ለመጻፍ የተቀመጠ ሰው ብዙ ጊዜ ሳይልከው መልሱን ያገኘዋል፤ እዚህ ምሳሌ ላይ እንኳ «መግቢያ ቋቱ ውስጥም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሲጻፍ ነገሩ አልቋል።

ትእዛዞችን ከሊስቲንጉ ላይ እንዳሉ ይቅዱ፤ ከራስዎ አስታውሰው አይጻፉ። በድጋሚ ሲጻፍ ስሕተቱ ሳይታወቅ ይታረማል፤ መላሹም የሌለ ችግር ይፈልጋል። ሙሉ ዳምፕ ለማንም አይላኩ። በውስጡ የደንበኞች ስም፣ የሒሳብ ቁጥር፣ አንዳንዴም የይለፍ ቃል ሊኖር ይችላል፤ ከሚያስፈልገው አድራሻ ዙሪያ ጥቂት መስመሮችን ብቻ ቆርጠው፣ የሰው መረጃ ያለበትን ባይት በሌላ ተክተው ይላኩ።

መፍትሔው ሲገኝ ፕሮግራሙን መጀመሪያ ያንኑ መዝገብ በያዘው ፋይል ያሩጡት፤ በሌላ ፋይል ቢያልፍ ስለዚህኛው ስሕተት ምንም አያረጋግጥም። ቀጥሎ ባዶ፣ ዜሮ፣ አሉታዊና መስኩ የሚችለውን ትልቁን ቁጥር የያዙ መዝገቦች ይስጡት፤ ውድቅ የሆኑት መዝገቦችና የተደመሩት አንድ ላይ ሲቆጠሩ ከገባው መዝገብ ብዛት ጋር መተካከላቸውን ያስተያዩ። ለፍለጋ ያስገቧቸውን ስናፕና ደብሊውቲኦ አውጥተው እንደገና አሰምብል ያድርጉ፤ አዲሱን ሊስቲንግም ከሞጁሉ ጋር አብረው ያስቀምጡ።